ባሮክ የብር ዕቃ ለገበታ፦ ስተርሊንግ፣ ቅብ ወይስ ስቴንለስ?

“ባሮክ” የሚል ስም የተለጠፈበት ማንኪያና ሹካ ገበያውን ሞልቶታል። አንዱ ጋ ሙሉ ስብስቡ በርካሽ ይሸጣል። ሌላው ጋ አንዲት ሹካ ብቻዋን የደህና ጫማ ዋጋ ትጠየቅባታለች። ፎቶ ላይ ሁሉም ያብረቀርቃሉ። ሁሉም ላይ ቅጠልና ጥምዝ አለ። ልዩነቱ የሚገባችሁ እጃችሁ ላይ ሲያርፉ ነው። አንዳንዱ ልዩነት ደግሞ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው የሚወጣው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የባሮክ ጌጥ የሚያምረው ጥልቀት ሲኖረው ነው። ጥልቀት ደግሞ ብዙ ማዕድን ይበላል። ስለዚህ ሳሳ ያለ ሙሉ ስብስብ ከመግዛት፣ ከበድ ያሉ ጥቂት ዕቃዎችን መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። በዚህ ከእኔ ጋር የማይስማማ ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ለሰርግ ስጦታ የሚገዛ ሰው። ሳጥኑ ትልቅ ሆኖ እንዲታይለት ይፈልጋላ!

ባሮክ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ባሮክ በ1600 ገደማ ጣሊያን ውስጥ ተነስቶ እስከ 1750 አካባቢ በአውሮፓ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን የነገሠ የጥበብ ስልት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ምልክቶቹ በቀላሉ ይለያሉ። የሚጠማዘዝ የአካንቱስ ቅጠል፣ ዛጎል፣ የፍራፍሬ ዘለላ፣ የሕፃን መልአክ ፊት፣ ጠርዙን የሚከብ ጉብጉብ ጌጥ። ሁሉ ነገር ሞላ፣ ወፈር፣ ከበድ ያለ ነው። ግራና ቀኙ ግን ይመጣጠናል።

ከ1730ዎቹ ጀምሮ የገነነው ሮኮኮ ቀለል ይላል። መስመሩ ይሳሳል፣ ግራና ቀኙም ሆን ተብሎ ይዛነፋል። ሻጮች ሁለቱን ይቀላቅላሉ። እናንተም ብትቀላቅሉ ማንም አይከሳችሁም። ገበታ ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል። ባሮክ ጎላ ብሎ ዓይን ይስባል፤ ሮኮኮ ከሳህኑ ጎን ረጋ ብሎ ይቀመጣል።

የዘመኑ ዋና ዋና ሥራዎች በብዛት አልተረፉም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1689 ለጦርነት ገንዘብ ሲያጥረው የቬርሳይ ቤተ መንግሥቱን የብር ዕቃ ሰብስቦ ሳንቲም እንዲመታበት አስቀለጠው። ከዚያ በፊት በ1685 የፕሮቴስታንቶችን መብት ሲሽር ብዙ ፈረንሳውያን የብር አንጥረኞች ወደ ለንደን ተሰደው ነበር። ታዋቂው ፖል ደ ላመሪ ከነዚህ ስደተኞች ቤተሰብ የወጣ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ የአውግስቡርግ ከተማ አንጥረኞች ለአውሮፓ ነገሥታት ይሠሩ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ዛሬ የሚገኘው በሙዚየምና በትልልቅ የጨረታ ቤቶች ነው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ባሮክ ተብሎ የሚሸጥላችሁ ዕቃ ብዙውን ጊዜ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ20ኛው የተሠራ፣ የዚያን ዘመን ስልት የሚከተል ዕቃ ነው። ይህ ነውር አይደለም። ግን “የጥንት ነው” በሚል ወሬ ተጨማሪ አትክፈሉ። የምትገዙት ማዕድኑንና የእጅ ሥራውን ነው።

ስተርሊንግ፦ እስከ ውስጡ ብር

ስተርሊንግ ማለት ከ1000 ክፍል 925ቱ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ የሆነ ድብልቅ ነው። ንጹሕ ብር ለማንኪያ በጣም ለስላሳ ነው፤ ይጎብጣል። መዳቡ ያጠነክረዋል።

ትልቁ ጥቅሙ ቢፋቅም ብር መሆኑ ነው። ቢጫር፣ ቢወለወል፣ ልጅ ቢጥለው፣ ከሥሩ የሚወጣ ሌላ ማዕድን የለም። እንዲያውም በየቀኑ የሚበላበት ስተርሊንግ ላዩ ላይ ሺህ ጥቃቅን ጭረት ይሰበስብና ለስለስ ያለ፣ ሞቅ ያለ ብርሃን ያወጣል። አዲሱ ብር እንደ መስታወት ቦግ ይላል። የኖረው ግን የበለጠ ያምራል። ቢጎብጥም ጎበዝ አንጥረኛ ያቃናዋል።

ሁለተኛው ጥቅም የገንዘቡ ነው። ስሌቱን እንሥራው። አንድ ከበድ ያለ የስተርሊንግ ሹካ 60 ግራም ይመዝናል እንበል። በ0.925 ስታባዙት 55.5 ግራም ንጹሕ ብር ይመጣል። የዓለም ገበያ ብርን የሚተምነው በትሮይ ኦውንስ ነው፤ አንዱ ኦውንስ 31.1 ግራም። ስለዚህ ሹካዋ ውስጥ 1.8 ኦውንስ ገደማ ብር አለ። የዕለቱን ዋጋ በዚህ አባዙት። ገዥ ነጋዴ ከዚያ ዝቅ አድርጎ ነው የሚከፍለው፤ ቢሆንም ወለሉን ታውቃላችሁ።

በሀገራችን መለኪያ ላስቀምጠው። አያቶቻችን የሚያውቁት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም አካባቢ ነው። የኛ አንጥረኞች መስቀልና ጌጣጌጥ ሲሠሩ ያቀልጡት የነበረው እሱን ነው። ያቺ አንዲት ሹካ ከሁለት ጠገራ በላይ ብር ይዛለች ማለት ነው። ቤታችሁ ውስጥ መሳቢያ ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ ስለ ሌባ ማሰብ የግድ ነው።

ብር ሲቸግር የሚቀልጥ ንብረት ነው። በሉዊ ጊዜ ብቻ አይደለም። በ1980 መጀመሪያ የብር ዋጋ በኦውንስ ወደ 50 ዶላር ሲጠጋ፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ የገበታ ብር ወደ ማቅለጫ ሄዷል። ዋጋው በወጣ ቁጥር ይኸው ይደገማል። ዋጋ ሲንር ያገለገለ ስተርሊንግ የሚሸጠው ለውበቱ ሳይሆን በሚዛን ነው። ለገዥ ይህ ዕድል ነው። ድንቅ የእጅ ሥራ በማዕድኑ ዋጋ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። አዲሱን ከሱቅ ከገዛችሁት ግን ለአንድ ሰው የሚሆኑት አራት ፍሬዎች ብቻ በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ ይጠይቃሉ። እኔ አዲስ አልገዛም።

የብር ቅብ፦ ውበቱ ያው፣ ዕድሜው ግን

ቅብ ማለት ከውስጥ ሌላ ማዕድን ሆኖ ከላይ ብር የለበሰ ዕቃ ነው። ታሪኩ አጭር አይደለም። በ1740ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዟ ሼፊልድ ሰው ቶማስ ቦልሶቨር የብር ሉህ ከመዳብ ጋር በሙቀት የሚጣበቅበትን መንገድ አገኘ። በ1840 የበርሚንግሃሞቹ ኤልኪንግተኖች ብርን በኤሌክትሪክ የማልበስ ዘዴ በስማቸው አስመዘገቡ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የፓሪሱ ክሪስቶፍል ኩባንያ ያንን መብት ለፈረንሳይ ገዛ። ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥት መልክ ያለው ገበታ ለነጋዴውም፣ ለሐኪሙም፣ ለሆቴሉም ደረሰ።

ውስጡ ብዙ ጊዜ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ የተቀላቀለበት “ኒኬል ሲልቨር” ወይም “ጀርመን ሲልቨር” የሚባለው ነው። ስሙ አያታላችሁ። ብር የሚባል ነገር ቅንጣት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር። ባሮክና ቅብ አንድ የማይታረቁበት ነገር አለ። አንድ ያገለገለ የቅብ ባሮክ ማንኪያ መስኮት ጋ ወስዳችሁ ገልብጡት። የቅጠሉን ጀርባ፣ የዛጎሉን አፋፍ፣ የጥምዙን ጫፍ ተመልከቱ። ብሩ መጀመሪያ የሚሳሳው ከፍ ብለው የወጡት ቦታዎች ላይ ነው። ጨርቁም ጣቱም የሚያገኘው እነሱን ነውና። እዚያ ላይ ቢጫ ወይም ግራጫ የመሰለ ቀለም ብቅ ይላል። ቀጥሎ የማንኪያው ሆድ ከታች ጠረጴዛ የሚነካበት ነጥብ ይሳሳል። ለስላሳ ንድፍ ያለው የቅብ ማንኪያ እኩል ስለሚያልቅ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅበት ይቆያል። ባሮኩ ግን ወዲያው ያጋልጣል።

ስለዚህ ቅብ ከገዛችሁ ውፍረቱን ጠይቁ። የጀርመን ዕቃ ላይ “90”፣ “100” ወይም “150” የሚል ቁጥር ይታተማል። 90 ማለት 90 በመቶ ብር አይደለም! ለ12 የገበታ ማንኪያና ለ12 ሹካ በድምሩ 90 ግራም ብር ወጥቷል ማለት ነው። በአንዱ ላይ 3.75 ግራም ይደርሰዋል። ከላይ ካሰላናት የስተርሊንግ ሹካ ጋር አስተያዩት። የጀርመኑ የፍሌንስቡርግ ኩባንያ ሮበ ኡንድ በርኪንግ 150 እያለ የሚሸጠው ወፈር ያለ ቅብ ሲሆን፣ በደንብ ከተያዘ ለልጅ ይተርፋል።

ያለቀ ቅብ እንደገና ይለበጣል። ግን ዋጋው ለአንድ ፍሬ የሚታሰብ ስለሆነ ለተራ ማንኪያ አያዋጣም። ለትልቅ ትሪ ወይም ለሻይ ማንቆርቆሪያ ያዋጣ ይሆናል። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ለባለሙያው ንገሩት። ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ጥቁር ጥላ እንደገና እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ዕቃው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ይመጣና ጌጡ ሁሉ ይጠፋል።

ቅብ በጣም የሚያዋጣው የት ነው? አፍ በማይነካቸው ትልልቅ ዕቃዎች ላይ። ትሪ፣ የሻማ መቅረዝ፣ የውሃ ጆግ፣ የፍራፍሬ ሳህን። ዋላስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ “ባሮክ” የሚለው የቅብ መስመር የታወቀው በዚህ ነው፤ ትልልቅ ትሪዎቹና የሻይ ስብስቦቹ ጠርዛቸው ላይ የሚፈስ ቅጠል አላቸው። ያን የሚያህል ትሪ በስተርሊንግ ይሠራ ቢባል ዋጋው የማይቀመስ ነው።

ማንኪያና ሹካ በቅብ ካልሆነ የምትሉ ከሆነ፣ የክሪስቶፍልን “ማርሊ” እዩት። በሉዊ 15ኛ ስልት የተሠራ ነው። ወደ ሮኮኮ ያደላል፤ ጌጡ በጣም ስላልወጣ አለባበሱ ቶሎ አይጋለጥም።

ስቴንለስ፦ ለማይጨነቅ ሰው

ስለ ስቴንለስ ብዙ የምለው የለኝም። “18/10” የሚለው 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። አይዝግም፣ አይጠቁርም፣ ማሽን ውስጥ ይታጠባል። ከ“18/0” ይልቅ እሱን ምረጡ፤ አንጸባራቂነቱ የተሻለ ነው፣ ዝገትንም የበለጠ ይቋቋማል።

ችግሩ ስቴንለስ ጠንካራ መሆኑ ነው። ጌጡ በማተሚያ ሲመታ እንደ ብር በጥልቀት አይገባለትም። ቅጠሉ ቅጠል ይመስላል እንጂ አይወጣም፤ ጠርዙም ድፍን ይላል። ከጥሩዎቹ አንዱ የኦናይዳ ኩባንያው “ማይክልአንጄሎ” ነው፤ ከበድ ያለ፣ ጌጡም ደህና የወጣለት። ሕፃናት ላሉበት ቤት፣ ለብዙ እንግዳ፣ ለማኅበርና ለክርስትና ይህ ይበቃል።

ከገልፍ ሀገራት በሻንጣ የሚመጡትን ወርቃማ ስብስቦች ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። 72 ፍሬ፣ 84 ፍሬ፣ ቀይ ከፋይ ላይ ተደርድሮ። አብዛኛው ስቴንለስ ሆኖ ስስ ወርቅ ወይም ወርቅ የመሰለ ሽፋን የለበሰ ነው። ለዓመት በዓል ቢወጣ አያሳፍርም። በብር ዋጋ ግን አትግዙት፤ ሻጩ “ውስጡ ብር ነው” ካለም ከታች ወዳለው የማህተም ክፍል ሂዱ።

ስተርሊንግ ከመረጣችሁ፦ የትኛው ንድፍ?

በአሜሪካ ገበያ ላይ ሦስት ስሞች ደጋግመው ይመጣሉ። ዲሲ፣ ሲያትል ወይም አትላንታ አካባቢ ኢስቴት ሴል የሚዞር ሰው ያውቃቸዋል። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ትንሽ ቤት ሲገባ የቤቱ ዕቃ እዚያው የሚሸጥበት ገበያ ማለቴ ነው። ወጣት ወራሾች ብር መወልወል አይወዱም። ለእኛ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው “ግራንድ ባሮክ” ነው። የዋላስ ኩባንያ በ1941 ያወጣው፣ ዊልያም ዋረን የነደፈው። ስሙ ባሮክ፣ ነገሩም ባሮክ። ዋረን ማንኪያን እንደ ሐውልት ነበር የሚያየው። ጌጡ ፊት ለፊት ብቻ አይደለም፤ በጎኑ ዞሮ ጀርባውም ላይ ይቀጥላል። እጀታውን ስትይዙት ቅጠሉ በጣታችሁ መሐል ይሰማችኋል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ጣት ላይ ይከብዳል። ለረጅም ራት ሁሉም ሰው አይወደውም። ገበታው ላይ ጌጠኛ ሳህን ካለ ደግሞ ሁለቱ ይጣላሉ። ግራንድ ባሮክ ነጭ ወይም ባለ አንድ ቀለም ሳህን ይፈልጋል።

ሁለተኛው የሪድ ኤንድ ባርተኑ “ፍራንሲስ 1ኛ” ነው፤ በ1907 ወጣ። ንድፉ የኧርነስት ማየር ነው። ስሙ የተወሰደው ከባሮክ በፊት ከነበረ የፈረንሳይ ንጉሥ ነው፤ መልኩ ግን ሞላ ባለ ፍራፍሬና ጥምዝ የተሞላ ባሮክ። ልዩ የሚያደርገው በየዕቃው ዓይነት የፍራፍሬው ዘለላ መለያየቱ ነው። በድምሩ 15 ዓይነት የፍራፍሬና የአበባ ዘለላ አለ። ወይኑ፣ ዕንቁ ፍሬው፣ አንዱ ከአንዱ ይለያል። እንግዳ ማንኪያውን ገልበጥ አድርጎ ከጎረቤቱ ሹካ ጋር ሲያስተያይ ታያላችሁ። ለወሬ መክፈቻ ከሆነ ይሄ አንደኛ ነው።

ሦስተኛው የጎርሃም “ሻንቲሊ” ነው። በ1895 በዊልያም ኮድማን የተነደፈ፣ አሜሪካ ውስጥ እጅግ ከተሸጡት ንድፎች አንዱ። በትክክል ካየነው ወደ ሮኮኮ የሚያደላ ነው። እጀታው ለስላሳ፣ ጌጡ ዳርና ጫፉ ላይ ብቻ። ብዙ ስለተሠራ የጎደለችውን ማንኪያ ማግኘት ቀላል ነው፤ ፍሬ በፍሬ ለሚሰበስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለመወልወልም አያስቸግርም።

የቱን ልመርጥ? ለዕለት ተዕለት ሻንቲሊ። በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ለሚወጣ ገበታ ፍራንሲስ 1ኛ። ግራንድ ባሮክን ደግሞ ለማውጫ ማንኪያና ለጭልፋ ብቻ እወስደዋለሁ። ትልቅ ሲሆን ነው ጌጡ ሜዳ የሚያገኘው። ሦስቱን መቀላቀልም ይቻላል። “ገበታው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት” የሚል ሕግ የወጣበት ቦታ አላውቅም።

ሙሉ ስብስብ ወይስ ጥቂት ትልልቅ?

የኛ ገበታ ለዚህ ጥያቄ ራሱ ይመልሳል። እንጀራ በእጅ ነው የሚበላው። ስምንት ሰው ቢጋበዝ ስምንት የዓሣ ቢላ የሚፈልግ ማንም የለም። የሚያስፈልገው ወጥ ማውጫ ጭልፋ፣ የሰላጣና የሩዝ ማውጫ፣ የሥጋ ማንሻ ሹካ፣ የስኳር ማንኪያ፣ የቡና ማንኪያ፣ ስኒ የሚቀርብበት ትሪ ነው። ባሮክ የሚያምረውም እነዚሁ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው የመሐሉን ዕቃ ነው።

የገበታ ማንኪያና ሹካ ግድ ከሆነ ለስድስት ሰው ጀምሩ። ቢላውን የመጨረሻ አድርጉት። የብር ቢላ እጀታ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቱቦ ነው። ሁለት ስስ የብር ቅርፊቶች ተበይደው ውስጡ በሙጫ መሰል ነገር ይሞላል፤ ምላጩም ስቴንለስ ነው። ስለዚህ ቢላውን መዝናችሁ ብሩን ልታሰሉ አትችሉም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ካደረም ሙጫው ይላቀቅና ምላጩ ይወዛወዛል።

የሻማ መቅረዝ ላይም ይህ ወጥመድ አለ። “ስተርሊንግ” ተብሎ ታትሞበት ከጎኑ “ዌይትድ” የሚል ካለ፣ ብሩ ስስ ልብስ ነው። ሆዱ በሲሚንቶ ወይም በሙጫ ተሞልቷል። ሻጩ ሚዛን ላይ አስቀምጦ “ኪሎ ይሆናል” ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ማህተሙን አንብቡ

ስልካችሁ ላይ ያለው ካሜራ ለዚህ ይበቃል። የሹካውን ጀርባ አጉልታችሁ አንሱ።

የአሜሪካ ስተርሊንግ “ስተርሊንግ” የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ ወይም 925። የእንግሊዝ ዕቃ ላይ የሚራመድ አንበሳ አለ። ከሱ አጠገብ የከተማው ምልክት ይኖራል፤ መልሕቅ ከሆነ በርሚንግሃም፣ የነብር ራስ ከሆነ ለንደን። የፈረንሳይ ዕቃ ላይ ከ1838 ጀምሮ የራስ ቁር የደፋች የሮማውያን እንስት አምላክ የሚኔርቫ ፊት አለች፤ አንደኛው ደረጃዋ 950 ነው፣ ከስተርሊንግ ይበልጣል። ጀርመን ውስጥ የተሠራ እውነተኛ ብር ግማሽ ጨረቃና ዘውድ ከ800 ወይም 835 ቁጥር ጋር ይይዛል። 800 ማለት 80 በመቶ ነው፤ እውነተኛ ብር ነው፣ ከስተርሊንግ ግን ያንሳል።

“ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.” የሚሉት አራት የላቲን ፊደላት ካሉ ቅብ ነው። “ሲልቨር ፕሌት”ም ቅብ ነው። “ኤ-ዋን”ም፣ “ኳድሩፕል”ም ቅብ። በጣም የሚያሳስተው “1847 ሮጀርስ ብሮስ” የሚለው ነው። ብዙ ሰው 1847 የተሠራበት ዓመት ይመስለዋል። አይደለም፤ የንግድ ምልክቱ አካል ነው። በ1950ዎቹ የተሠራም ማንኪያ ያንኑ ቁጥር ይዟል፣ ቅብም ነው።

ማግኔት ይዞ መሄድ አይከፋም፤ ግን የሚነግራችሁ ግማሹን ነው። ማግኔት ከያዘው ብር አይደለም (የቢላ ምላጭን አትቁጠሩ)። ካልያዘው ግን ብርም፣ ኒኬል ሲልቨርም፣ መዳብም ሊሆን ይችላል።

መጥቆሩና መወልወሉ

ብር የሚጠቁረው አየርና ምግብ ውስጥ ካለ የሰልፈር ውህድ ጋር ሲገናኝ ነው። አሁን የኛን ምግብ አስቡት። ዶሮ ወጥ ሽንኩርትም እንቁላልም አለው። የጾም ስናፍጭ ደግሞ የባሰ ነው። የብር ጭልፋ ዶሮ ወጥ ውስጥ ሌሊቱን ካደረ ጠዋት የምታገኙት ሌላ ቀለም ነው። ይህ አያስደንግጥ፤ ይለቃል። ጨው ግን ሌላ ነገር ነው። ብሩን ይበላዋል፣ ጥቃቅን ጉድጓድ ይተዋል፤ እሱ አይወጣም። የድሮ የጨው ማንኪያዎች ሆዳቸው በወርቅ የሚለበጠው ለዚህ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ እንግዳው እንደሄደ ማጠብ። በሙቅ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ወዲያው ማድረቅ። እቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አታስገቡ፤ ከስቴንለስ ጋር አንድ ላይ ማስገባት ደግሞ የባሰ ነው።

አልሙኒየም ፎይል፣ ቤኪንግ ሶዳና ፍል ውሃ የሚባለውን ዘዴ ሁሉም ያውቀዋል። ይሠራል። ሰልፈሩን ከብሩ ወደ አልሙኒየሙ ያሻግረዋል። ለባሮክ ግን አልመክረውም። ምክንያቱም ባሮክ የሚነበበው በጥላው ነው። በቅጠሎቹ መሐል ያለው ጥቁረት ፋብሪካው ራሱ ያስቀመጠው ወይም ዘመን ያመጣው ነው። ፎይሉ እሱንም ጠራርጎ ይወስደዋል። ባዶ እጀታ ላላቸው ቢላዎች ደግሞ ፍል ውሃው ራሱ ጠላት ነው። ይልቅ የብር መወልወያ ክሬም ጥቂት በጥጥ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ብቻ አሹ። ጎድጓዳውን ተዉት። ለቅብ ደግሞ እጃችሁን ቀለል አድርጉ፤ በተወለወለ ቁጥር ጥቂት ብር አብሮ ይሄዳል።

ስታስቀምጡ በጎማ ማሰሪያ አትጠቅልሉ። ጎማ ውስጥ ሰልፈር አለ፤ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሱፍም እንደዚያው። ለብር ተብሎ የሚሸጥ ጨርቅ ወይም ንጹሕ የጥጥ ከረጢት ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን መጠቀም ነው። ሁልጊዜ የሚበላበት ብር ብዙም አይጠቁርም።

ያገለገለ ስትገዙ

የሹካውን ጣቶች ከጎን እዩ። ርዝመታቸው እኩል ካልሆነ በሳህን ተፍቀዋል፤ ዋጋ አስቀንሱ። የማንኪያውን ጫፍ ከሌላ ማንኪያ ጋር ግንባር ለግንባር አስገናኙ። ቀኝ እጅ ሲበላበት የኖረ ማንኪያ በግራው ዳር ያልቃል። የቢላውን እጀታ ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ነቅንቁ፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ሙጫው ተሰባብሯል።

የሌላ ሰው ስም ፊደል የተቀረጸበት ዕቃ ካገኛችሁ አትሽሹ። ብዙ ገዥ ስለማይፈልገው ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ብሩም ጌጡም ግን ያው ነው። ፊደሉን አስፍቁ የሚላችሁን አትስሙ። ማስፋቅ ብሩን ያሳሳዋል፤ ብርሃን ላይ ሲያዩት ጎድጎድ ብሎ ይታወቃል። ፊደሉ የማን እንደሆነ እንግዳ ቢጠይቃችሁ ደግሞ እንደ ስሜታችሁ መልሱለት።